ሚዛን የማያየው ሞራ

በመቱ፣ በጎሬና በቀሩት የኢሉባቦር ከተሞች ለስኳር በሽታ ክትትል የሚመላለስ ሰው ሚዛን ላይ ወጥቶ ሲወርድ «ኪሎህ ልክ ነው፤ ስኳርህን ብቻ ጠብቅ» ቢባል የሚደነቅ የለም። ቃሉ በደግነት መነገሩ ከስሕተትነት አያድነውም፤ ሚዛን የሰውየውን ክብደት እንጂ ስቡ የት እንደተከማቸ አይናገርምና፤ የስኳር በሽተኛ ልብ የሚጠይቀው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ከቆዳ ሥር፣ በተለይም በዳሌና በጭን ላይ የሚያርፈው ጮማ በአመዛኙ ጉዳቱ አነስተኛ ሲሆን፣ አንጀትን ሸፍኖ በሆድ ዕቃ መካከል የሚጋገረው ሞራ ግን የሚለቀውን ስብ በደም ሥር በኩል በቀጥታ ወደ ጉበት ይሰድዳል፤ በስብ የተጨናነቀ ጉበትም ለኢንሱሊን፣ ማለትም የደምን ስኳር ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ መታዘዙን እየተወ ስኳር ማምረቱን ይቀጥላል፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለውንም የደም ስብ ያበዛል። የስኳር በሽታ ብቻውን የልብ ደም ቧንቧ ሕመምን ሥጋት ወደ ሁለት እጥፍ ያደርሳል፤ ቦርጩ በዚያ ላይ የሚጨመር ዕዳ ነው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፦ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ቫግ ከላይ የሚወፍረውንና ከታች የሚወፍረውን ሰው ለይቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሆን፣ በ2004 የታተመውና 52 አገሮችን ያካተተው ኢንተርኸርት የተባለው ጥናትም የልብ ጥቃትን ሥጋት በመጠቆም ረገድ የወገብና የዳሌ ንጽጽር ከክብደትና ከቁመት ንጽጽር እንደሚበልጥ አሳይቷል።

«ልክ ነው» የሚለው ፍርድ የሚመነጨው ክብደትን በሜትር ለተለካ የቁመት ካሬ ከማካፈል ነው፤ የስሌቱ አባት ቤልጄማዊው አዶልፍ ኬትሌ የሥነ ፈለክና የሒሳብ ሰው እንጂ ሐኪም አልነበረም፣ የአንድን በሽተኛ ልብ ለመመርመርም አላሰበውም። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 66 ኪሎ የሆነ ሰው በዚህ ስሌት 22.8 ያገኛል፤ የተለመደው ወሰን 25 ስለሆነ ወገቡ 96 ሴንቲ ሜትር፣ እግሩ እንደ ሸምበቆ ቢሆንም እንኳ ተመስግኖ ይሸኛል። ነገር ግን ጎረቤት ጅማ በዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ለወንድ የውፍረት መለያ ይሆናል ያለው ቁጥር 22.2፣ የወገቡም ወሰን ወደ 84 ሴንቲ ሜትር ነው። ከአውሮፓውያን በተወሰደው በ94ቱ ወሰን እንኳ ቢለካ ይህ ሰው አልፎታል። ምናልባት የጅማው ቁጥር መቱ እስኪደርስ መንገዱ ረዝሞ ይሆናል።

«ልክ ነው» ብሎ የፈረደው ሐኪም የራሱ ጋዋን ከሦስተኛው ቁልፍ በታች አልገጥም ብሎ ሲከፈት ማየትስ እንዴት ጥርጣሬ አላሳደረበትም? «ተመችቶሃል» የሚለው ሰላምታ በሚያሞግሰው ሆድ ላይ እጅ ማንሣት ድፍረት መስሎ ከሆነ፣ ድፍረቱ ያስፈልጋል።

መሣሪያ ጠፋ የሚለው ሰበብም አያስኬድም፤ በየገበያው ያለ ልብስ ሰፊ ሁሉ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ወገብ የሚለካው በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌው አጥንት አናት መካከል፣ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ፣ ሆድን ሳይስቡ ነው። የቀበቶ ቁጥር ምስክር አይሆንም፤ ባለቦርጩ ሱሪውን የሚታጠቀው ከቦርጩ በታች ነውና።