መዝገብ ቤቱ ለምን ዘገየ?

እዚህ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ቢትኮይን የያዙ ወገኖቻችን ሰሞኑን የሚያሰሙኝ እሮሮ አንድ ዓይነት ነው። «የራሴን ሰርቨር ቤዝመንት ውስጥ ተከልኩ፤ ሳምንት አለፈው፤ ማውጫውን ሠርቶ አልጨረሰም» ይላሉ። ጥፋተኛው ደግሞ ሁልጊዜ የኢንተርኔት ኩባንያው ነው። አንድ ወዳጄማ ፈጣን መስመር ለማስገባት ሊፈርም ሲል ነው የደረስኩበት። ያም ካልሆነ ሁሉን ትቼ በሰው ሰርቨር እጠቀማለሁ ብሎ ዝቷል።

በሰው ሰርቨር የሚጠቀም የቢትኮይን ቦርሳ አድራሻዎቹን በሙሉ ለማያውቀው ሰው ይዘረዝራል። ስንት እንዳለው፣ መቼ እንደላከ፣ ከየትኛው የኢንተርኔት ቁጥር እንደጠየቀ ሁሉ ይታያል። ፋይል ተከፍቶበት አገሩን ጥሎ ለወጣ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። (አገር ቤት ላለ ዘመድ ልላክበት የሚል ካለ ግን፣ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በጁን 2022 በዚህ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ማስጠንቀቁን አይዘንጋ።)

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የቢትኮይን መዝገብ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ጀምሮ በየአሥር ደቂቃው ገደማ አንድ ገጽ፣ ማለትም አንድ ብሎክ፣ እየተጨመረበት ዛሬ ከ600 ጊጋባይት በላይ ሆኗል። የተጻፈው በጊዜ ቅደም ተከተል እንጂ በባለጉዳይ አይደለም። ኤሌክትርስና ፉልክረም የሚባሉት ፕሮግራሞች እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ከመጀመሪያው ገጽ ተነስተው እያንዳንዱ አድራሻ የት የት እንደሚገኝ ማውጫ ያወጣሉ። ገጾቹን የሚያነቡት ግን እዚያው ቤት ካለው ኖድ ነው። ኖዱ መዝገቡን አውርዶ ከጨረሰ በኋላ ኢንተርኔቱ በዚህ ሥራ ውስጥ እጁ የለበትም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ማን ያዘገየዋል? በአብዛኛው ዲስኩ። ማውጫው ከዚህም ከዚያም ስለሚነበብና ስለሚጻፍ፣ የሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ ክንዱ ወዲያና ወዲህ ሲል ይውላል። የወዳጄን ማሽን ስናይ ፕሮሰሰሩ ያንቀላፋል፤ ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዟል። ኖዱንም ማውጫውንም ወደ ኤስኤስዲ ካዛወረ በኋላ ሥራው በሁለት ቀን አለቀ። ሜሞሪ አንሶት ዲስኩን እንደ ሜሞሪ መጠቀም የጀመረ ማሽንም እንዲሁ ይንቀራፈፋል።

መቶኛውም ያታልላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012፣ 210 ሺኛው ብሎክ ሲገባ፣ መዝገቡ ሁሉ ተደምሮ 10 ጊጋባይት አይሞላም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ብሎኮች እንደ ጋላቢ ፈረስ ያልፉና ኋላ ማሽኑ የቆመ ይመስላል። አልቆመም፤ ገጾቹ ወፈሩ እንጂ። ክፉው ነገር እዚህ ላይ ተናዶ ሶኬት መንቀል ነው። በተለይ የቀድሞዎቹ የፉልክረም ቅጂዎች በመሐል መብራት ሲቋረጥባቸው ማውጫው ይበላሽና እንደገና ከሀ ይጀመራል። ማቆም ግድ ከሆነ ፕሮግራሙን በወጉ አዝዞ፣ መዘጋቱን በሎጉ ላይ እስኪያይ መጠበቅ ነው። መብራት በሚያጠፋው በእኛ ሰፈር በረዶ ደግሞ አነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያ ከማሽኑ ጋር ማያያዝ አይከፋም።