ቫዮሊኗና ማመልከቻዋ

«ልጄ ቫዮሊን ስትጫወት ብትሰማ ታለቅሳለህ» አለኝ ወዳጄ፣ ማኪያቶውን እያማሰለ።

«ለቅሶዬን ተወውና የት ልታመለክት ነው?»

«ዊሊያምስ፣ አምኸርስት፣ ስዋርዝሞር። ይሄን ሁሉ ሙዚቃ ይዛ ማን ይመልሳታል?»

«ሦስቱም ሊመልሷት ይችላሉ።»

ፊቱ ጠቆረ። እኔም አልተውኩትም። እነዚህ ትናንሽ የአሜሪካ የሊበራል አርትስ ኮሌጆች ካመለከተው 100 ተማሪ 10 እንኳ አይቀበሉም። የተቀረጸ ሙዚቃ መላክ ይቻላል፤ የሙዚቃ መምህራን ሰምተው አስተያየታቸውን ለቅበላ ቢሮ ይጽፋሉ። ቢሮው ግን አስቀድሞ የሚያየው የክፍል ውጤቷን፣ የወሰደቻቸውን ትምህርቶች ክብደትና የመምህራኖቿን ደብዳቤ ነው። ሙዚቃው ሚዛን የሚደፋው በዚያ በኩል ካለፈች በኋላ ነው።

«የጎረቤታችን ልጅ በኳስ ገባ አይደል እንዴ?»

«አሠልጣኝ ሌላ ነው። የሚፈልጋቸውን ልጆች ስም ይዞ ቢሮው ድረስ ይሄዳል፤ ገና ሳያመለክቱ ውጤታቸውን ያስመረምርላቸዋል። የኦርኬስትራ መሪ ይሄ ጉልበት የለውም። ደግሞ ቫዮሊን ነው ያልከኝ?»

«ቫዮሊን።»

«ባሱን የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ቢሆን ይሻል ነበር። ቫዮሊንና ፒያኖ የሚጫወተው መዓት ነው። ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ያሉት ሁለት ባሱኒስቶች ሲመረቁ ግን ወንበሩ ባዶ ይቀራል።»

«አሁን ባሱን ላስጀምራት?»

«12ኛ ክፍል ላይ? ተው እንጂ!»

ሙዚቃው ራሱ ፈተና የሚሆንበት ሌላ መንገድ አለ። ኦሃዮ ውስጥ ኦበርሊን፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ሎረንስ ኮሌጅና ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) አንድ ግቢ ውስጥ አላቸው። ተማሪው ኦዲሽን ይቀርባል፤ ሁለቱም ወገን ከተቀበሉት በ5 ዓመት ሁለት ዲግሪ ይይዛል። ኒውዮርክ ያለው የባርድ ኮንሰርቫቶሪ ደግሞ ለመጀመሪያ ዲግሪ የገባ ሁሉ ከሙዚቃ ሌላ ሁለተኛ ትምህርት እንዲያጠና ያስገድዳል። እኔን ብትጠይቀኝ ይሄኛው ደስ ይለኛል።

«ሙዚቃ አጥንታ ምን ልትበላ?»

«አሸናፊ ከበደ ምን በሉ? አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው መጥተው የያሬድን ሙዚቃ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ዶክትሬታቸውን የሠሩት ዌስሊያን ነው፤ እሱም ከነዚሁ ከመራጮቹ አንዱ ነው። የኢንዶኔዥያ ጋሜላንና የምዕራብ አፍሪካ ከበሮ የሚያስተምር ቤት ነው።»

«እሷም እኮ አምባሰልን በቫዮሊን ትጫወታለች።»

«ይሄን እስካሁን ደብቀህ ነው? ዌስሊያንን ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው፤ አምባሰል ምን እንደሆነ የሚገባው ጆሮ እዚያ ይገኛል።»

ከዚያ ወደ ገንዘቡ መጣ። ለሙዚቃዋ ስኮላርሺፕ ይሰጧት እንደሆነ ጠየቀኝ። አይሰጧትም። እሱ የጠራቸው ሦስቱ የሚረዱት የቤተሰብን ገቢ አይተው ነው፤ የዚህ አገር ደመወዛችን ሲታይ ይህ አሠራር የተሻለ እንደሆነ ነገርኩት። ሳይወድ ሳቀ።

«ታዲያ የሙዚቃ ቅጂውን ትላክ ወይስ ይቅር?»

«አስተማሪዋን ጠይቅ። ደካማ ቅጂ ከመላክ አለመላክ ይሻላል። አንተ አባት ነህ፤ እኔ ደግሞ ማኪያቶ የጋበዝከኝ ሰው ነኝ። የኛን ፍርድ ማን ያምነዋል?»