ስለ መክፈቱ ብቻ ለምታወሩ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሰንጢ ነው። «ቲቸር ጡረታ ወጥቶ ወሬ ጠፋበት» የምትሉ እለፉት፣ አልቀየምም።

ባለፈው የገበያ ቀን እዚህ ደጀን መናኸሪያው አጠገብ አንድ ልጅ ላስቲክ ዘርግቶ ሰንጢ ይሸጣል። ሰው ከቦታል። እጀታው ላይ ያለችውን ቁልፍ ጫን ሲያደርጋት ስለቱ «ጧ!» ብሎ ይፈናጠራል። የከበቡት ይስቃሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ። ከመሀላቸው የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች ነበሩ። «ጋሼ፣ በአንድ እጅ ይከፈታል እኮ! ይውሰዱ» አለኝ። «እስቲ ዝጋው» አልኩት። ቁልፏን በአንድ እጁ ተጭኖ፣ ስለቱን በሌላው መዳፉ እየገፋ፣ ሁለቴ ከሽፎበት በሦስተኛው ዘጋው። «ታዲያ በአንድ እጅ የሚሠራው ግማሹ ብቻ ነዋ!» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን የምሬን ነው።

በአንድ እጅ መክፈት ለጉራ የመጣ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ወደ ዓባይ በረሃ ሊወርድ የተዘጋጀ ኤፍኤስአር ላይ ወጥቶ ሸራ የሚያስር ረዳት አይታችሁ ታውቃላችሁ? በግራ እጁ የወጠረውን ገመድ ከለቀቀ ጭነቱ ይላላል። ትርፉን ሊቆርጥ በቀኝ እጁ ሰንጢውን ያወጣል። ከዚያስ? በጥርሱ ይከፍታል! መኪናው እየተንቀጠቀጠ፣ ስለቱ ከንፈሩ ሥር ሆኖ። በዓይኔ ያየሁት ነው። የታሰረ በሬ ገመድ አንገቱ ላይ ሲጠመጠምበትም አንዱ እጃችሁ ቀንዱን ይዟል። ስለዚህ «በአንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢ የዱርዬ ነው፣ ይከልከል» የምትሉኝን አልሰማችሁም። ኪስ የሚቀደው በምላጭ ነው፣ ምላጭ ደግሞ መክፈቻም አያስፈልገው።

በነገራችን ላይ ዓለምም በዚህ ነገር አልተስማማም። እ.ኤ.አ. በ2008 የስዊስ ጦር ለወታደሩ አዲስ ሰንጢ ሲመርጥ ስለቱ ላይ ቀዳዳ ያለው፣ በአውራ ጣት የሚከፈትና የሚቆለፍ አደረገው። በዚያው ዓመት ጎረቤቱ ጀርመን በአንድ እጅ የሚከፈትና የሚቆለፍ ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ እንዳይያዝ በሕግ ከለከለ። እኔን ያስገረመኝ ግን የአሜሪካው ነው። በ1958 የወጣው የፌዴራል ሕግ በሞላ የሚፈናጠረውን ሰንጢ ከክልል ክልል መነገድ ሲከለክል፣ አንድ ክንድ ብቻ ላለው ሰው ግን ስለቱ ከ3 ኢንች እስካልበለጠ ድረስ እንዲይዘው ፈቀደ። ሕግ አውጪው ቢያንስ አንድ እጅ ያለውን ሰው አስታውሷል። እኛ ላስቲኩ ዙሪያ ቆመን ስንስቅ አላስታወስነውም።

እኔ ግን የማስታውሰው አለኝ። የድሮ ተማሪዬ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ግራ እጁ የለም። እህል መጋዘን ውስጥ የማዳበሪያ ሲባጎ ሲቆርጥ ነው የሚውለው። ሰንጢውን ጉልበቱ መሀል ሰክቶ፣ ጥፍሩን ስለቱ ላይ ባለችው ጭረት አስገብቶ ነበር የሚከፍተው። አንድ ቀን አይቼው አንጀቴን በላውና ውጭ ያለ ልጅ ሰንጢ እንዲልክለት ለመንኩ። የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከጀርባው ትንሽ ጆሮ የምትወጣለት፣ በሌባ ጣት (ስሙ ራሱ ደስ አይልም) ስትጎትታት ስለቱ የሚወረወር ዓይነት ነው። አከፋፈቱ ያምራል፣ ጣትም ከስለቱ መንገድ ውጭ ነው። መጋዘን ውስጥ ግን አቧራና እብቅ አለ። ስለቱን ተዘግቶ የምትይዘው ትንሿ ኳስና መዞሪያው እብቅ ሲጠግቡ አንዴ ይወረወራል፣ አንዴ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ይሄም ይሁን።

ችግሩ መዝጋቱ ነው። መቆለፊያው እጀታው ውስጥ ያለ ቀጭን ብረት ነበር፤ እሱን በአውራ ጣት ወደ ጎን ትገፋዋለህ። ስትገፋው አውራ ጣትህ ያለው ስለቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ ነው! ሁለት እጅ ያለው ሰው ስለቱን በሌላው እጁ ይዞ ያዘገየዋል። እሱ በምን ይያዘው? ጭኑ ላይ ሊያስደግፈው ሲል አዳለጠውና ያለችውን አንዷን አውራ ጣት ቆረጠው። ለሁለት ሳምንት የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት እናቱ ነበረች። ጥፋቱ የኔ ነው። ስለ መክፈቱ ስጠይቅ ከርሜ ስለ መዝጋቱ አንድ ቃል አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን እንደ ተማሪ ያጠናሁት። ስለቱ ላይ ጉብ ያለች ብረት ያለችው በአውራ ጣት ትገፋለች፣ እጅ ሲረጥብ ወይ ዘይት ሲነካው ግን ታዳልጣለች። ቀዳዳው ይሻላል። ስፓይደርኮ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1981 ያመጣው ነው፤ የአውራ ጣት ሥጋ ራሱ ይሰምጥበታል፣ ተፈቶ የሚወድቅ ነገር የለውም፣ እብቅም አይደፍነውም። ከመቆለፊያ ደግሞ ከእጀታው ግራና ቀኝ ብቅ ያለ ዘንግ ያለው፤ ቤንችሜድ በ1998 ያመጣው ዓይነት። ዘንጉን በሁለት ጣት ወደ ኋላ ስትስበው ስለቱ ይላላል፣ የትኛውም ጣት መንገዱ ላይ የለም። አሁን ልጁ የያዘው ቀዳዳውም ዘንጉም ያለው ነው። ከፍቶም ዘግቶም ያሳየኝ ቀን እኔም እንደዚያ ልጅ ደንበኞች አጨበጨብኩ።

ብርቱካን የምትልጡና ሸንኮራ የምትቆርጡ ግን ምን ቸኮላችሁ? በጥፍር የሚከፈተው ይበቃችኋል። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ከ1890 ጀምሮ ሲሠራ በሁለት እጅ ነው የሚከፈተው፤ በ1955 የተጨመረለት የሚዞር ቀለበት ደግሞ ስለቱን ይቆልፈዋል። ማንም አልተጎዳበትም አልልም፣ ኪስ ውስጥ ግን በራሱ አይፈናጠርም። የሞላውን ኪሱ አድርጎ መኪና ላይ የሚዘል ሰው ቁልፏ ብትነካ የት እንደምትከፍተው ያስበው።

ለሻጩ ልጅ ቢያንስ ለ13 ዓመት ልጅ አትሽጥ ብዬዋለሁ፤ «እሺ ጋሼ» አለኝ፣ ገና ዞር ሳልል «ጧ!» ሲል ሰማሁት። በሚቀጥለው ገበያ እመለስበታለሁ።

ውጭ ያላችሁ ልጆቼ፣ ለፋሲካ የምትመጡ ካላችሁ ቀዳዳና ዘንግ ያለው ሁለት ሰንጢ ያዙልኝ፤ ለሁለት ረዳቶች ነው፣ ብሩን እከፍላለሁ። የእጅ ሻንጣ ውስጥ እንዳታደርጉት፣ ይወሰድባችኋል።