ፈጥኖ ስለሚያስታግሠው ጠብታ

በአዲስ አበባ ከሚገኙት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ተራዬን ስጠብቅ፣ ሰባት ዓመት የሚሆነውን ልጇን ያስከተለች አንዲት ወይዘሮ ከነጠላዋ ጫፍ ባዶ የጠብታ ብልቃጥ ፈትታ አውጥታ፣ «ወንድሜ፣ ያችኑ ስጠኝ፤ የዓይኑ አለርጂ ተነሥቶበታል» ስትል ሰማሁ። ሻጩም ጽሑፉን አየት አድርጎ አምሳያውን ከመደርደሪያው አወረደላት። የሐኪም ማዘዣ አልጠየቃት፣ ስንተኛው ብልቃጥ እንደ ሆነም አልጠየቃት። በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ስም ዴክሳሜታዞን ነበር።

ይህን ልማድ ተሸክሞ የሚያኖረው፣ ቶሎ ያሻለ ሁሉ ፈወሰ የሚለው አሳብ ነው፤ እኔም የምከራከረው ከዚህ አሳብ ጋር ነው። የዚህ መድኃኒት ታላቅ ወንድም ኮርቲሶን እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ፣ በማዮ ክሊኒክ፣ በፊሊፕ ሄንች እጅ በመገጣጠሚያ ሕመም ለተያዘች ሴት ተሰጥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባስነሣት ጊዜ፣ ነገሩ እንደ ተአምር ተቈጥሮ ሐኪሙ ከሁለት ሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በ1950 የኖቤልን ሽልማት እስከ መቀበል ደርሷል። ነገር ግን መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣ ነበር፤ ሥራው የሰውነትን ቍጣ ዝም ማሰኘት እንጂ የቍጣውን መንሥኤ ማራቅ አይደለምና።

የልጁ ሕመም፣ ከሁኔታው እንደ ገመትሁት፣ ደረቅ ሙቀትና አቧራ በበዛበት አገር ይልቁንም በወንዶች ሕፃናት ላይ የሚበረታው፣ የዓይኑን ቆብ ውስጠኛ ገጽ ጠጠር እንደ ተነጠፈበት መንገድ የሚያጐረብጠው፣ እንደ ክር የሚሳብ ዓይናር የሚያወጣውና ልጁን ሌሊትና ቀን ዓይኑን የሚያሳሸው ነው። ሥቃዩ ብርቱ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ይህ ደዌ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ በራሱ የሚሰናበት ኃላፊ ደዌ ነው። ጠብታው ለሳምንታትና ለወራት ሲደጋገም ግን ከሦስት ሰዎች በአንዱ ገደማ በዓይን ውስጥ የሚመላለሰው ፈሳሽ መውጫው ይታወክና ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ግፊቱም ሳያሳምም፣ ሳያቀላ፣ የዓይኑን ነርቭ ከዳር እየበላ ይሄዳል። ይህ ግላኮማ ነው። የሞተ ነርቭ አይመለስም፤ ሕፃኑም የጠበበችበትን ዓለም ሰው ሁሉ እንዲሁ የሚያያት ይመስለዋልና አቤት አይልም። እንግዲህ ኃላፊውን ደዌ ለማስታገሥ ነባሪውን ዕውርነት እንገዛለን ማለት ነው፤ ያውም በገንዘባችን።

አንዳንዱ ብልቃጥማ ዴክሳሜታዞንን ከፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጋር ቀላቅሎ ስለሚይዝ፣ ገዢው «የዓይን አንቲባዮቲክ» ብሎ ያለ ፍርሃት ይወስደዋል።

የዓይን ሐኪም በጣት የሚቈጠር ነው፣ ያለውም በአብዛኛው በመዲናይቱ ነው፣ ድኻ ሰው ምን ያድርግ የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ስለዚህም ወይዘሮዋን አልወቅስም። የምወቅሰው ነጭ ጋውን ለብሶ፣ የሚሸጠውን እያወቀ፣ በዝምታ የሚሸጠውን ነው። መድኃኒቱም በራሱ ርጉም አይደለም፤ የዓይኑ መስታወት በሚቈስልበት ብርቱ ጊዜ፣ ሐኪም ግፊቱን እየለካ ለጥቂት ቀን ቢሰጠው ብርሃንን ያተርፋል። ለሌላው ጊዜ ግን በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አለ፤ ማሳከኩን የሚቀንሱ ፀረ ሂስታሚን ጠብታዎች አሉ፤ ክሮሞግላይኬት የሚባል ጠብታም አለ። ይህ የመጨረሻው ሮጀር አልቱንያን የተባለ፣ ራሱ የአስም ሕመምተኛ የነበረ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በገዛ ሳንባው ላይ እየፈተነ ያገኘው መድኃኒት ነው። ጥፋቱ ምን ቢሆን ነው የምንንቀው? ዘገምተኛ ነዋ! በየቀኑ ተጨምሮ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ነው ሥራው የሚታየው፤ እኛ ደግሞ ከደጃፍ ሳንወጣ ካልሠራልን «ውኃ ነው» ብለን እንመልሰዋለን።

ሻጩ ለዚያች ወይዘሮ የነገራት ዋጋውን ብቻ ነበር። ልጁም ከመድኃኒት ቤቱ ደረጃ ሳይወርድ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ እናቱ የብልቃጡን ክዳን እስክትፈታ ድረስ፣ ዓይኑን ከፍቶ ቆመ።