ስለ ቀበሌና ስለ ወረዳ ምርጫ

ይድረስ ለአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ፤

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤ ስለ ምርጫ በጋዜጦቻችን የሚጻፈውን ሁሉ በትጋት ከሚያነቡት ሰዎች አንዱ ነኝ። ጽሑፉም ክርክሩም ስለ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበር፣ ስለ ፓርቲዎች ብዛትና ስለ ምርጫ ምልክታቸው ነው። ይህ መጻፉ የተገባ ነው። ነገር ግን የቀበሌንና የወረዳን ምክር ቤት ማን ይመርጠዋል፣ መቼስ ይመርጠዋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው እጅግ ጥቂት ሆኖ ስላገኘሁት እኔ በበኩሌ የሚሰማኝን ለመጻፍ ተነሣሁ። የምኖረው በምዕራብ ጎጃም፣ በቋሪት ወረዳ፣ በገበዝ ማርያም ነው፤ ሥራዬም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ነው።

አንድ የሠፈራችን አዛውንት ገበሬ በዚሁ ጉዳይ ስንጫወት፣ «መምህር፣ ፓርላማውን በሬዲዮ እሰማዋለሁ፤ ቀበሌው ግን እኔን ይሰማኛል ወይ?» አሉኝ። አያ ይህን ሲሉ ቀልድ አልነበረም። የመሬት ይዞታ ደብተር በማን ስም እንደሚጻፍ፣ የድንበር ጠብ ማን ዘንድ እንደሚታይ፣ ማዳበሪያ ለማን አስቀድሞ እንደሚደርስ፣ ለመንገድና ለትምህርት ቤት የሚዋጣው ገንዘብና ጉልበት ስንት እንደሚሆን የሚታወቀው እዚያው በደጃችን ነው። ደግሞም ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን በጀቱን በጥቅል ለወረዳዎች ማከፋፈል ስለ ጀመረ የመምህሩ፣ የጤና ሠራተኛውና የግብርና ባለሙያው ደመወዝ የሚከፈለው ከወረዳው ካዝና ነው። እንግዲህ የእኔ እንጀራ ራሱ የሚጋገረው በወረዳው ነው ማለት ይቻላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ በአስተዳደሩ እንዲካፈል ለዝቅተኞቹ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣቸዋል ይላል።

ይህ ሥልጣን ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር የ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል ያስታውስ። ያን ጊዜ በጎጃም በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሹመት የነበረው ሰው «ቢሮክራት» ተብሎ ይዞታው ወደ 4 ጥማድ ሲወርድ፣ ለሌላው እስከ 12 ጥማድ ተፈቅዶ ነበር። መመሪያው ከላይ የወረደ ነው፤ ይሁን እንጂ እገሌ ቢሮክራት ነው፣ እገሌ አይደለም እየተባለ ስም የሚጻፈው በቀበሌ በተሰየመ ኮሚቴ ነበር። ያን ኮሚቴ በነፃ ያልመረጠ ሕዝብ ርስቱን በማን እጅ እንደ ጣለ ለመናገር የእኔ ብዕር አያስፈልግም። በየመንደራችን እስካሁን ድረስ ለሠርግ የማይጠራሩ ጎረቤቶች አሉ።

ነገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሕዝብ እንደራሴዎችን የመረጠችው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ፓርቲ አልነበረም፤ ወደ 200,000 ሕዝብ ያለው አንድ የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴዎች ይልካል፤ ተመራጩም የ1,000 ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2,000 ብር ተንቀሳቃሽ ንብረት ሊኖረው ያስፈልግ ነበር። ባለ አንድ ጥንድ በሬው ገበሬ መምረጥ እንጂ መመረጥ አልተፈቀደለትም ማለት ነው። በ1958 ዓ.ም. የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ትእዛዝ ወጥቶ በየአውራጃው የተመረጠ ሸንጎ እንዲቋቋም ታስቦ ነበር፤ ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀረ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ያ ሸንጎ በጎጃም ቢቋቋም ኖሮ ምን ይሆን ነበር እላለሁ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ብሎ ከሞጣ እስከ ዳሞት ተነሣ። የራሱን የጎበዝ አለቃ መረጠ፤ ጦርና አውሮፕላን ዘመተበት። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፉን ግብር ማሩ። ገበሬው መደራጀትን ማንም ሳያስተምረው ያውቅ ነበር፤ ያጣው ነገር ጥያቄው ደም ሳይፈስ የሚታይበት ሸንጎ ነው።

ከዚህ ላይ ለተማረው ክፍል አንድ ነገር ማንሣት እወዳለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ በሰልፍ የሄዱት እውነተኛ ግፍ አይተው ነው፤ የጭሰኛው መከራ የታወቀ ነበርና። ነገር ግን ተራማጅ ነኝ የሚለው ወጣት በዚያ ዘመን ወደ ጎጃም መጥቶ ባለ ርስቱን ገበሬ፣ «አንተስ የምትፈራው ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ሌላ መልስ ያገኝ ነበር። ባለ ርስቱ የሚፈራው ባላባት አልነበረም፤ የሚፈራው ቀላድ ይዞ የሚመጣ ለኪ ነው። ተራማጅነት የሚሉት ነገር ከመፈክር ሳይሆን ከጥያቄ ቢጀምር ኖሮ ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በ20 ጋሻ፣ ማለት በ800 ሄክታር፣ አንድ የገበሬ ማኅበር ሲያቋቁም ገበሬው የራሱን ሊቀ መንበርና ዳኛ እጁን አውጥቶ መምረጥ ጀምሮ ነበር። ያም ብዙ ሳይቆይ ኮታ መሰብሰቢያና ለውትድርና ልጅ መመልመያ ሆነ።

አሁን ወደ ቅርቡ ልምጣ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት ወንበር እስከ 300 ደርሶ፣ በአገሪቱ በጠቅላላው ከ3 ሚሊዮን የሚበልጥ መቀመጫ ለምርጫ ቀረበ። ለብዙ ሰው መቀመጫ መስጠት መልካም ይመስላል፤ ግን በሒሳብ እንየው። ለያንዳንዱ ቀበሌ 300 እጩ ማቅረብ የሚችለው ገዢው ፓርቲ ብቻ ነበር፤ ሌላው ወገን ግማሹ ራሱን አገለለ፣ ግማሹ እጩ አጣ፤ ወንበሩም ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ እጅ ገባ። ደግሞ 300 ሰው የተሰበሰበበት ምክር ቤት ያጨበጭባል እንጂ አይመክርም፤ ሥራውን የሚሠሩት ጥቂት የካቢኔ አባሎች ናቸው። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም አሉ። እኔም በሕይወቴ የቀበሌ ምክር ቤት የመረጥሁት ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ይገባው የነበረው ሁለት ጊዜ ተላለፈ፤ በሰኔ 2013 ዓ.ም. የተወካዮችና የክልል ምክር ቤት ሲመረጥ የገጠሩ ቀበሌና ወረዳ አልተካተተም። በ2005 ዓ.ም. በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ምርጫ ጣቢያ የሄደው ሕፃን አሁን ከፊቴ ተቀምጦ እኩልታ ይማራል።

መደራጀት አልነበረም ወይ የሚል ይኖራል። ነበረ እንጂ! «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት እያንዳንዱን ቤት ይደርስ ነበር። እርከን ለመሥራት፣ ችግኝ ለመትከል፣ እናቶች በጤና ጣቢያ እንዲወልዱ ለመምከር የጠቀመበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። ነገር ግን እንደ ቦይ ነበር፤ ውኃው ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል። ትእዛዝ ሲወርድ አየን፤ ጥያቄ ሲወጣ ግን አላየንም። ሥር ያለው ሕዝብ ተደራጀ የሚባለው አምስቱ ቤት ተሰብስበው አንድ ጥያቄ ቆጥረው፣ ያን ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ሰው መርጠው፣ ከዚያም ተመልሶ ምን መልስ እንዳመጣ ሲጠይቁት ነው።

በዚህ ረገድ የሌላ አገር ምሳሌ ላምጣ። በ1950 ዓ.ም. እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ልንመርጥ ጥቂት ወራት ሲቀረን፣ በታኅሣሥ 1949 ዓ.ም. መጨረሻ በአሜሪካ በሳውዝ ካሮላይና ጆንስ ደሴት በምትባል ስፍራ አንድ የማታ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዚያ አገር ጥቁሮች ማንበብ ካልቻሉ ለመራጭነት አይመዘገቡም ነበር። ኢሳው ጄንኪንስ የሚባል አውቶቡስ ነጂ ተሳፋሪዎቹን በመንገድ ላይ ሕገ መንግሥት ያስጠና ነበር፤ እሱና ጎረቤቶቹ «ተራማጅ ክበብ» ብለው የሰየሙት ማኅበር አንድ ቤት ገዛ። በፊት ለፊት ሱቅ፣ በጓሮ ክፍል ትምህርት ቤት ሆነ፤ ሱቅ ያደረጉትም ነጮቹ እንዳይጠረጥሩ ነው። አሳቡን ያቀነባበረችው ሴፕቲማ ክላርክ ለብዙ ዘመን ያስተማረች መምህርት ስትሆን የጥቁሮች መብት ማኅበር አባል በመሆንዋ ከሥራዋ ተባርራ ነበር። የመጀመሪያይቱ አስተማሪ በርኒስ ሮቢንሰን ግን ፀጉር ሠሪ ነበረች። በመጀመሪያው ማታ ምን መማር ትፈልጋላችሁ ብላ ጠየቀቻቸው። ስማችንን መጻፍ፣ ከልጆቻችን የሚመጣውን ደብዳቤ ማንበብ፣ የገንዘብ መላኪያ ቅጽ መሙላት አሏት። በዚያ ጀመረች፤ የመራጮች ሕግ ከዚያ በኋላ መጣ። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ቀስ በቀስ በደቡቡ አሜሪካ ሁሉ ተስፋፋ።

ለእኛ ጓሮውም ሱቁም ሞልቶናል። ማኅበር አለን፣ ሰንበቴ አለን፣ እድር አለን፣ በአጨዳ ጊዜ ወንፈልና ደቦ አለን። የእድር ዳኛችን ገንዘብ ቢያጎድል በአንድ እሑድ ይወርዳል፤ ፓርቲም ምልክትም አያስፈልገውም። አንዳንዱ ሰው ታዲያ እድሩን ለምርጫ እንጠቀምበት ይላል። እኔ ይህን እቃወማለሁ። እድር ለሬሳ ነው፤ የሁሉ ነው፤ አንድ ጊዜ የእገሌ ወገን ነው ከተባለ ቀባሪ የሚያጣ ሰው ይመጣል። እጩ በእድር ስም አይቁም፤ ነገር ግን በእድሩ የተለማመድነው ሒሳብ መጠየቅ ወደ ቀበሌው ይዛመት። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የክፍል አለቃ በብጣሽ ወረቀት ይመረጥ ነበር፤ የተመረጠውም ልጅ የጠመኔና የመጥረጊያ ወጪ በየወሩ ቆሞ ያነብልን ነበር። ማን እንደ ተመረጠ ረስቼዋለሁ፤ የሒሳቡን ንባብ ግን አልረሳሁትም።

በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የበጀት ሰንጠረዥ ሲለጠፍ ያየ ሰው አለ። ገበሬው በፊቱ አልፎ ይሄዳል፤ ሰንጠረዡ የተጻፈው ለእሱ አይመስለውም። እኔ የመቶኛን ሒሳብ ሳስተምር ከመጽሐፉ የብርቱካንና የሙዝ ምሳሌ ይልቅ እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ ብሰጣቸው ተማሪዎቼ ከመቶው ስንቱ ለደመወዝ፣ ስንቱ ለውኃና ለመንገድ እንደሚውል ራሳቸው ያሰላሉ። ከመቶው ትልቁ ክፍል ደመወዝ መሆኑን ሲያዩ ለሌላው ሥራ ምን ያህል እንደሚቀር ለአባቶቻቸው ይነግራሉ። አባትየው ይህን አውቆ እጩውን ቢጠይቀው እጩው «ሁሉን እሠራላችኋለሁ» ማለቱን ይተዋል። በዚህ ውስጥ ለእገሌ ምረጥ የሚል ቃል የለበትም፤ መምህርም በዚህ ሊወቀስ አይገባውም። እማወራዎችና ባልቴቶችም በዚህ ንባብ መጠራት አለባቸው፤ ምንጩ ቢደርቅ ሩቅ የሚሄዱት እነሱ ናቸውና።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ በሰላም ጊዜ የሚባል ነው ቢሉኝ እውነት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ፣ ስንት ልጅ ከክፍል እንደ ወጣ በፍኖተ ሰላምም በቡሬም ያለ ሰው ያውቀዋል። ጠመንጃ በሚጮህበት መንደር ሣጥን ይዞ መሄድ ሰውን ለአደጋ መስጠት ነው። ነገር ግን ቀበሌው ለብዙ ዓመታት በሕዝብ ድምፅ አለመታደሱ ራሱ ከቅሬታው አንዱ አይደለምን? የቀበሌ ሹም በሕዝብ ፊት ተጠይቆ የሚወርድበት ቀን ባይኖር ቅሬታው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ይህን የ1960 ዓ.ም. አባቶቻችን አሳይተውናል።

ስለዚህ ለምርጫ ቦርድ ሦስት ልመና አለኝ። አንደኛ፣ የቀበሌ ምክር ቤት ወንበር ጎረቤት ለጎረቤቱ ሊቆም እስከሚችል ድረስ ይነስ፤ ፓርቲ የሌለው የግል እጩም ያለ ድካም ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ እጩዎች ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በየጎጡ በሕዝብ ፊት ቆመው ይጠየቁ። ሦስተኛው ስለ ቀኑ ነው። ሰኔ 14 ቀን ለከተማ ሰው እንደ ማንኛውም ቀን ነው፤ በእኛ አገር ግን ገበሬው ሞፈር ጨብጦ የሚውልበት፣ ወንዙም መሙላት የሚጀምርበት ወር ነው። የቀበሌ ምርጫ ሲታሰብ ጤፉ ተወቅቶ ከጎተራ ከገባ በኋላ፣ ከጥምቀት ወዲያ ከዐቢይ ጾም ወዲህ ባሉት ሳምንታት፣ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ቢሆን ባልቴቶቹም ሳይቀሩ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስቦ ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከገበዝ ማርያም፣ ምዕራብ ጎጃም