ክንድ የሚያህል ቃል

እንግሊዝኛ «ሴስኩዊፒዴሊያን» የሚባል ቅጽል አለው። አትደንግጡ፣ እኛም ስንለው ትንፋሽ አጥሮናል። ከላቲን የመጣ ሲሆን «አንድ ጫማ ተኩል የሚረዝም» ማለት ነው። ጫማው የመለኪያው ጫማ ነው፣ የምናስጠርገው አይደለም። ከ2 ሺህ ዓመት በፊት የሮማው ባለቅኔ ሆራስ፣ ተመልካችን በኀዘኑ ሊነካ የፈለገ ገጸ ባሕርይ እንዲህ ያሉ ቃላትን ይጣል ብሎ ነበር። ዛሬም እንግሊዞች ረጅም ቃል ለሚወድ ሰው ይሉታል፣ ያውም ለማሾፍ። ቀልዱ ቃሉ ራሱ ረጅም መሆኑ ላይ ነው።

አንድ ጫማ ተኩል ወደ 46 ሳንቲ ሜትር ነው። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ማለት ነው፤ አያቶቻችን ሸማ የለኩበት ክንድ! ስለዚህ «ክንድ የሚያህል ቃል» ብለን ብንተረጉመው ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ማንም ይገባዋል።

ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ ከባድ ንግግር ይወዳል የሚሉን አሉ። እንዴ! የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው እኮ በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ክብደቱ ከሰሙ ሥር ባለው ወርቅ እንጂ በርዝመቱ አይደለም። ደግሞም ቅኔው ይፈታል። ሐዲስ ዓለማየሁን ውሰዱ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ በዋሽንግተንና በለንደን አገራቸውን ወክለዋል። በግዕዝም በእንግሊዝኛም ሊያስፈራሩን ይችሉ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የሰጡን ግን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው፣ በሬዲዮ ሲተረክ ያልተማረውም የተከታተለውን።

የኛ ትውልድ ስብሰባ ላይ ሲነሣ ግን «ሆሊስቲክ»፣ «ሰስቴነብል»፣ «ኮምፕሪሄንሲቭ» ይላል። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ከሆነ ግድ የለም፣ ሁሉም ያጨበጭባል፣ ሻይ ይጠጣል። የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ላይ ግን አፈሩ በብዙ ቦታ አሲዳማ ሆኗል፤ መድኃኒቱም ኖራ ነው። እንበልና አንድ ወጣት ባለሙያ ገበሬ ሰብስቦ ስለ «ኢንተግሬትድ» የአፈር አያያዝ አንድ ሰዓት ተናገረ። ገበሬው በትሕትና ያዳምጣል፤ «ገባችሁ?» ሲባልም «አዎ» ይላል፤ የተማረ ልጅ ማሳፈር ነውር ነው። ኖራው ከመዝራት በፊት መበተንና ከአፈሩ ጋር መደባለቅ እንዳለበት ሳይሰማ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ክረምቱም አይጠብቀውም።

ምናልባት መውጫው ላይ አንድ ደፋር አባት ልጁን በቀስታ ይይዙታል፦ «የኔ ልጅ፣ ለአንድ ጥማድ ስንት ኩንታል ነው ያልኸው?»