ለፕሌይስቴሽን የሚሆን ቦርሳ የትኛው ነው?



ለዚህ ወር ዓምዳችን መነሻ የሆነን ከመተከል ዞን፣ ከዳንጉር ወረዳ፣ ከማንቡክ ከተማ የደረሰን ጥያቄ ነው። ጠያቂው ወጣት ወንድማችን አጎቱ ለሥራ ብለው ባዋሱት አንድ ፕሌይስቴሽን 4 ጌም ቤት ከፍቶ እናቱን ይረዳል። የሥራ ቤቱ ቁልፍ ስለማያስተማምነው ማታ ማታ ማሽኑን በተማሪ ቦርሳ ከቶ በባጃጅ ወደ ቤት ይወስደዋል፣ ጧት ይመልሰዋል። አንድ ምሽት ከባጃጅ ሲወርድ ቦርሳው ከድንጋይ ጋር ተጋጨ፤ በማግስቱ ማሽኑ ቢበራም ቴሌቪዥኑ ላይ ምስል አልመጣም። ከራሱ ኪስ አውጥቶ አሠርቶታል። ለአጎቱ ግን እስካሁን አልነገራቸውም። የሚጠይቀንም፣ «ዳግመኛ እንዳይደርስብኝ የትኛውን ቦርሳ ልግዛ? አጎቴስ ምን ይገባቸዋል?» እያለ ነው።

አንዳንድ ወላጆች «እስላማዊ መጽሔት ስለ ጌም ቦርሳ ምን አገባው?» ይሉን ይሆናል። የጌም ጥቅሙና ጉዳቱ ራሱን የቻለ ርእስ ነው። ዳሩ ግን እዚህ ላይ ያለው ነገር የሰው ንብረት ነው፤ አማና ነው። የአንድ ቤት እንጀራም በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

በመጀመሪያ ብልሽቱ ከየት እንደመጣ እንይ። ወንድማችን እንደገለጸልን፣ የተሰበረው ከቴሌቪዥን የሚያገናኘው የኤችዲኤምአይ ገመድ ማስገቢያ ነው። ገመዱን ሳይነቅል፣ ማሽኑ ላይ እንደተሰካ ጠቅልሎ ነበር የሚከተው። ቦርሳው ሲጋጭ የገመዱ ጫፍ እንደ መፈልቀቂያ ሆኖ ማስገቢያውን ነቀለው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ በዓለም ላይ ያለ ውድ ቦርሳ ሁሉ ቢገዛለት አያድነውም ነበር። ስለዚህ ከቦርሳው በፊት ልማዱ ይቅደም፤ ገመዶች ሁሉ ይነቀሉ፣ ሲዲው ይውጣ፣ ጆይስቲኩ ከማሽኑ ጋር ሳይሆን ለብቻው ይቀመጥ።

ሌላም በብዙዎች ዘንድ የማይታወቅ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 በውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አለው። ዲስኩ እየዞረ ሳለ ከተመታ የማንበቢያው ጫፍ ዲስኩን ሊጭረው ይችላል፤ ያን ጊዜ የተጫኑት ጌሞች በሙሉ ሊጠፉ ይችላሉ። ብርቱካንማ መብራት እያሳየ «ተኝቶ» ያለ ማሽን ደግሞ አልጠፋም፤ በእረፍት ላይ ነው እንጂ ኤሌክትሪክ እየወሰደ ነው። ወጣቶቻችን በዚህ ሁኔታ ላይ እንዳለ ገመዱን ከግድግዳ ነቅለው ይሸከሙታል። ሙሉ በሙሉ መጥፋት፣ ከዚያም ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ያህል መቀዝቀዝ አለበት። ትኩስ ማሽን ስፖንጅ ውስጥ ሲታፈን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ሃርድ ዲስክ የለውም፤ የእሱ ሕመም ሌንሱ ነው። በተለይ ቀጭኑ ዓይነት ክዳኑ ወደ ላይ ስለሚከፈት፣ በጉዞ ላይ ከተከፈተ ሌንሱ ለአቧራ ይጋለጣል። የእሱ ባለቤቶች ክዳኑን በጨርቅ ማሰሪያ ማሰር አለባቸው፤ በፕላስተር አይደለም፣ ሙጫው ይቀራልና።

አሁን ወደ ቦርሳው እንምጣ። በገበያ የሚገኘው አብዛኛው ቦርሳ ከላይ ያማረ፣ ከውስጥ ግን ስስ ስፖንጅ ያለው የጨርቅ ቦርሳ ነው። እንዲህ ያለው ከጭረት ያድናል፤ ከመውደቅ ግን አያድንም። መፈተኛው ቀላል ነው። ባዶውን ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ወለሉን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ጣታችሁ ጠረጴዛውን ከነካ፣ ከሁለት ኪሎ በላይ የሚመዝን ማሽንም እንዲሁ መሬቱን ይነካዋል። የፍራሽ ስፖንጅም ለስላሳ ስለሆነ ከክብደት በታች ይተኛል፤ ደርቀቅ ብሎ ሲጫኑት ቶሎ የሚመለሰው ዓይነት ይሻላል።

ሁለተኛው ልክ ነው። «የፕሌይስቴሽን 4 ቦርሳ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግረንም። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ርዝመቱ 30.5፣ ስፋቱ 27.5፣ ውፍረቱ 5.3 ሳንቲ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ስሊም 28.8 በ26.5 በ3.9 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የወጣው ፕሮ 32.7 በ29.5 በ5.5 ነው። ለፕሮ የተሰፋ ቦርሳ ውስጥ ስሊም ቢገባ ወዲያና ወዲህ ይንገላታል፤ የመጀመሪያው ቦርሳ ውስጥ ፕሮን ማስገባት ደግሞ ትግል ነው፣ ዚፑም በሁለት ሳምንት ይተረተራል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ማሽኑን በሜትር ለኩ፤ በየጎኑ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል የስፖንጅ ቦታ ጨምሩ። ዘግታችሁ ስትነቀንቁት ድምፅ ካሰማ አልገጠመም።

ሦስተኛው ሳንጠየቅ የምንጨምረው ነው። በትልቁ «ፕሌይስቴሽን» ተብሎ የተጻፈበት ቦርሳ ለሌባ የተጻፈ ማስታወቂያ ነው። ማታ የሚጓዝ ሰው ተራ ቦርሳ ይያዝ።

በእኛ አስተያየት ግን፣ ለማንቡኩ ወንድማችን ከሁሉም የሚሻለው ከሱቅ የሚገዛው አይደለም። የአዳሪ ተማሪ ትንሿን የቆርቆሮ ሳጥን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በውስጧ ደርቀቅ ያለ ስፖንጅ በማሽኑ ልክ ተቆርጦ ከታች፣ ከላይና ከአራቱም ጎን ቢገባባት፣ ከብዙ ቦርሳ የምትበልጥ መከላከያ ትሆናለች። ቁልፍም አላት። ስፖንጁን ከቆርቆሮው ጋር ስታጣብቁ ሙጫው በደንብ እስኪደርቅ አንድ ቀን ክፍት ተዉት። ጉድለቷ ክብደቷ ነው፤ በእግር ረጅም መንገድ ለሚሄድ አትመችም። ማሽኑ የመጣበት ካርቶን ከነነጭ ፎሙ ካለ ደግሞ አትጣሉት፤ ለአንድ የአውቶቡስ ጉዞ ከእሱ የሚበልጥ የለም። በየቀኑ ለመመላለስ ግን ካርቶን ቶሎ ያልቃል።

ስለ አውቶቡስ ካነሣን ዘንድ፣ ከአዲስ አበባ ለቤተሰብ ማሽን የሚልኩ ወንድሞች ልብ ይበሉ። መንገዱ ዐባይን ተሻግሮ በደብረ ማርቆስና በብርዳማው እንጅባራ አድርጎ፣ በቻግኒ ወርዶ፣ በግልገል በለስ በኩል ሞቃቱ ማንቡክ ይገባል። ዕቃው ፖርቶመጋላ ላይ ከተጫነ ፀሐይም ዝናብም ያገኘዋል፤ ጆንያም ይጫነዋል። ጉልበት ላይ ወይም ከእግር ሥር ይያዝ። በክረምት ከብርድ ወደ ሙቀትና እርጥበት የገባ ማሽን ልክ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያልበዋል፤ ላቡም ሌንሱና ሰሌዳው ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ እንደደረሰ ልጆች ቢቸኩሉም ቦርሳው ሳይከፈት ጥቂት ሰዓታት ይቆይ፤ ላቡ ቦርሳው ላይ ይሁን። ለዝናብም ፌስታሉን ከቦርሳው ውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥ፣ ማሽኑ ላይ አድርጉት፤ ውሃ የሚገባው በዚፑ ነውና። ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች ሰብስባችሁ ጨምሩበት። ሩዝ የሚያደርጉ አሉ፤ የሩዙ ብናኝ ማራገቢያው ውስጥ ስለሚገባ አንመክርም። ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ማጫወትማ ፈጽሞ! መመሪያው የሚፈቅደው የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ብቻ ነው፤ የመተከልን የመጋቢት ቀትር የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመለስ፣ በውሰት የተወሰደ ዕቃ ሲጎዳ ማን ይክፈል በሚለው ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ለሑነይን ዘመቻ ከሰፍዋን ኢብን ኡመያ ጥሩር ሲዋሱ፣ ዋስትና ያለው ውሰት መሆኑን አረጋግጠውላቸዋል። በዚህም መሠረት ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች ተዋሹ ተጠያቂ ነው ይላሉ፤ ሻፊዒዮች በተፈቀደው አጠቃቀም ያለቀውን ብቻ ይተዉለታል። ሐነፊዮች ካላጠፋ ወይም ቸል ካላለ አይጠየቅም ይላሉ። በጎረቤት ሱዳን የተስፋፋው የማሊኪ መዝሀብ ደግሞ ሊደበቅ በሚችል ዕቃ ላይ፣ ያለ ጥፋቱ መጎዳቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። ገመድ ሳይነቅሉ ቦርሳ ውስጥ መክተት ቸልታ ከተባለ፣ የወንድማችን ነገር በሐነፊዮችም ዘንድ ከተጠያቂነት አያወጣውም። የመጨረሻውን ቃል ሁለቱንም ወገን ሰምተው የሚናገሩት የአካባቢው ዑለማዎች ናቸው።

ማሽኑን በራስህ ገንዘብ ማሠራትህ መልካም አድርገሃል፤ ጀዛከላህ። ሆኖም የተሰበረና የተጠገነ ዕቃ እንደ ደህናው ዋጋ አያወጣም፤ አጎትህም ነገ ሊሸጡት ቢያስቡ ሳያውቁ ለሌላ ሰው ነውሩን ደብቀው ሊሸጡ ነው። ይህን በእሳቸው ላይ አታምጣ። ስለዚህ ሳጥኗን ከማሠራትህ በፊት ሂድና ንገራቸው። የጎደለውን ዋጋ ይጠይቁህ ወይም ይማሩህ፣ ምርጫው የእሳቸው ነው። ስትሄድም ማሽኑን ይዘህ ሂድ፤ አጥፍተህ፣ ገመዱን ነቅለህ።